ሺህ ትዙን በቤት ውስጥ መከርከም፦ ከመቀሱ በፊት ሚዶ

ማሩ ሺህ ትዙ የሚባል ባለ ረጅም ፀጉር ትንሽ ውሻዬ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ያጠብኩት አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፀጉሩ መሬት ሊነካ ደርሷል። ውሃ የመጣበት ቀን ስለሆነ ቶሎ ብዬ ሳፋ ውስጥ አስገባሁት። አሸሁት፣ አለቀለቅሁት፣ በፎጣ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱ ሥርና ሆዱ ላይ ያለው ፀጉር እንደ ባና ተጣብቆ ቀረ። ሚዶ አልገባ አለ። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄው ሙሉ በሙሉ ተላጨ። ከቋጠሮው ሥር ቆዳው ቀልቶና ረጥቦ ሳየው ዕንባዬ መጣ።

ስህተቴ ሳላበጥር ማጠቤ ነበር። የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። ሲደርቅ ደግሞ ይጠነክራል። ከዚያ ወዲህ ማሩን የምከረክመው ራሴ ነኝ። በየ6 ወይም 8 ሳምንቱ አንዴ። ከጠቅላላ ሥራው የመቀሱ ድርሻ ትንሹ ነው። ትልቁ የሚዶው ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍም ሚዶው ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

ፀጉሩ ለምን ይቋጠራል?

የሺህ ትዙ መነሻ ቲቤትና ቻይና ነው። ስሙ በቻይንኛ አንበሳ ማለት ነው። ክብደቱ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ነው፤ ፀጉሩ ግን የትልቅ ውሻ ያህል ሥራ አለው። የሰፈራችን ውሾች ፀጉር የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ቆሞ ይረግፋል። የሺህ ትዙ ግን እንደ እኛ የራስ ፀጉር ለረጅም ጊዜ ያድጋል። ከላይ ረጅሙ፣ ከሥር ደግሞ አጭርና ለስላሳ ፀጉር አለው። የሥረኛው ሲረግፍ ምንጣፍ ላይ አይወድቅም። ረጅሙ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሻጮች «ፀጉሩ አይረግፍም» የሚሉት ለዚህ ነው። የረገፈው ከእኛ ሚዶ በቀር መውጫ የለውም።

ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የቡችላ ፀጉሩ ወደ ትልቅ ውሻ ፀጉር ይቀየራል። በዚያ ሰሞን ጠዋት ያበጠራችሁት ማታ ተቋጥሮ ታገኙታላችሁ። ደህና ነው፣ ያልፋል። በእነዚያ ሳምንታት ግን አንድ ቀን እንኳ አትዝለሉ።

እዚህ የምጽፈው ማልቲዝ፣ ላሳ አፕሶና ዮርክሻየር ቴሪየር ለሚባሉት ባለ ረጅም ፀጉር ትንንሽ ውሾችም ይሠራል። ፖሜራኒያን ለሚባለው የውሻ ዝርያ ግን አይሆንም። የፖሜራኒያን ፀጉር አንዴ በቶንዶስ ከተላጨ በደንብ ላይመለስ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ላይበቅል ይችላል። ውሻችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

ዕቃው

ብዙ አያስፈልግም፤ ግን ጥሩ ይሁን። ከሁሉ በላይ ባለ ሁለት ጎን የብረት ሚዶ ግዙ። ግማሹ ጥርስ ሰፋ ያለ፣ ግማሹ ጠበብ ያለ። ቀጥሎ ቀጫጭን ጎበጥ ያሉ ሽቦዎች ያሉት የውሻ ብሩሽ። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ትንሽ መቀስ ለፊትና ለእግር። ረዘም ያለ ስለታም መቀስ ለሰውነት። የወጥ ቤት መቀስ አትጠቀሙ። ፀጉሩን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ውሻውም ያመዋል። የጥፍር መቁረጫ፣ ፎጣ፣ እግሩ እንዳይንሸራተት ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ አንድ ጥቅል የበቆሎ ስታርች ጨምሩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሚዶውንና ሻምፖውን አስመጡ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም።

ቶንዶስ የምትገዙ ከሆነ ለውሻ የተሠራ ይሁን። የሰው ፀጉር ቤት ቶንዶስ ጥቅጥቅ ባለ የውሻ ፀጉር ላይ ቶሎ ይሞቃል፤ ፀጉሩንም ይይዛል። ባትሪ ያለውና ድምፁ ዝቅ ያለው ይሻላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ውሻችሁ ግማሽ ጎኑ ተከርክሞ አይቀርም።

ሻምፖ የውሻ መሆን አለበት። የውሻ ቆዳ ከእኛ የሳሳ ነው፤ አሲድነቱም አነስተኛ ነው። የእኛ ሻምፖ ያደርቀዋል፣ ያሳክከዋል። የልብስ ሳሙናና ኦሞማ ጭራሽ አይታሰብም። ቁንጫ ያጠፋል ብለው የሻይ ዛፍ ዘይት የሚቀቡ አሉ። ለውሻ መርዝ ነው።

ሽልማትም አዘጋጁ። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በትንንሹ ተቆራርጦ ይቅረብ። ከወጥ ውስጥ የወጣ ሥጋ አትስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ማበጠር፦ በየቀኑ 10 ደቂቃ

ማሩን የማበጥረው ማታ ነው። ወክ አድርጎ፣ በልቶ፣ ደከም ሲለው ጭኔ ላይ በጎኑ ይተኛል። ይህን ሰዓት መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ላይ ላዩን በማበጠር ነው። ከላይ ሐር ይመስላል፤ ከሥር ቆዳው ጋ ተጠላልፏል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ፀጉር እንዴት እንደምትከፍል አስታውሱ። እንደዚያው ነው። በግራ እጃችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ ያዙና ቆዳው እንደ ቀጭን መስመር እስኪታያችሁ ክፈሉት። ከመስመሩ በታች ያለውን ብቻ ወደ ታች አበጥሩ። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ ሌላ መስመር ክፈቱ። ከእግር ጀምራችሁ ወደ ጀርባ ውጡ። መጀመሪያ ብሩሹ፣ ከዚያ ሰፊው ሚዶ፣ በመጨረሻ ጠባቡ። ፀጉሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ውሃ በትንሹ ረጭ አድርጉበት፤ ደርቆ ሲበጠር ይሰባበራል። ብሩሹን ቆዳው ላይ አትጫኑ። ሽቦው ይቧጭራል። በራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩትና ምን ያህል ኃይል እንደሚበቃ ታውቃላችሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠባቡ ሚዶ ከቆዳው እስከ ፀጉሩ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ አልቋል። ከተያዘ አላለቀም።

ቋጠሮ የሚወድዳቸውን ቦታዎች ሸምድዷቸው። ከጆሮ ጀርባ። ብብት። አንገት ዙሪያ፣ ማሰሪያው የሚያርፍበት። ብሽሽት። የጭራው ሥር። የጣቶቹ መሀል። ጊዜ ያጣችሁ ቀን እነዚህን ብቻ አዳርሱ። ሹራብ የምታለብሱት ከሆነ ሲወልቅ ብብቱን እዩ። የማሩ ቋጠሮ አብዛኛው ከሹራቡ የመጣ ነበር።

ቋጠሮ ሲገኝ

ትዕግሥት የሚጠየቅበት ቦታ ይህ ነው። ቋጠሮውን ከሥሩ፣ ከቆዳው ጋ ባለው በኩል በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙ። እንዲህ ሲሆን የምትጎትቱት ፀጉር እንጂ ቆዳ አይሆንም። ትንሽ ስታርች ነስንሱበት፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ እንዲንሸራተት ያደርጋል። በጣቶቻችሁ ወደ ጎን ሰንጥቁት። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ትንንሽ ቋጠሮ ይሁን። ከዚያ በሰፊው ሚዶ ከጫፉ ጀምሩ። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ እሱ ሲፈታ እንደገና ትንሽ ወደ ውስጥ። ከሥሩ ከጀመራችሁ ሁሉንም ጠቅልላችሁ ታጠብቁታላችሁ።

አልፈታ ያለውን መቁረጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ወደ ላይ ይነሣል። ዓይን አያየውም፤ መቀስ ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ጠባቡን ሚዶ በቆዳውና በቋጠሮው መሀል አስገቡ። ከሚዶው በላይ ያለውን ብቻ ቁረጡ። ሚዶው የማይገባ ከሆነ መቀስ አይሞከርም። በቶንዶስ መላጨት ነው ያለው፤ ሰፊ ቦታ ከያዘ ደግሞ ሐኪም ዘንድ። ለውበት ብሎ ውሻን ለሁለት ሰዓት ማሠቃየት ትክክል አይመስለኝም። ፀጉር ይበቅላል።

ስታበጥሩ መዥገር ካገኛችሁ ቆዳው ጋ አስጠግታችሁ በወረንጦ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ላምባ አታፍስሱበት። ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒትም አትቀቡት። እንዲህ ላለች ትንሽ ውሻ መጠኑ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ማጠብ

በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይበቃል። ክረምት ላይ ጭቃ ሲበዛ እግሩንና ሆዱን ብቻ በለብታ ውሃ ማለቅለቅ ይቻላል። አዲስ አበባ ማታ ማታ ስለሚበርድ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ እጠቡት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ ሁለት ባልዲ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሳሙና ተቀብቶ ውሃ ማለቅ የለበትም።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በክርናችሁ ወይም በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ በኩል ሞክሩት። የሳፋው ታች ላይ ፎጣ አንጥፉ። እግሩ ካልተንሸራተተ አይደነግጥም። ከአንገት በታች በጆግ ቀስ እያላችሁ አርጥቡ። ሻምፖውን በሌላ ዕቃ በውሃ አቅጥናችሁ አፍስሱ። እንደ ልብስ አታሹት። በጣቶቻችሁ ከላይ ወደ ታች በፀጉሩ አቅጣጫ ብቻ። ክብ እየሠሩ ማሸት አዲስ ቋጠሮ ይፈጥራል።

ፊቱን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ ውሃ አታፍስሱበት። አፍንጫው አጭር ስለሆነ ውሃ በቀላሉ ይገባበታል። ጆሮው ውስጥም እንዳይገባ በእጃችሁ እጠፉት።

ከዚያ ማለቅለቅ። አለቀ ስትሉ እንደገና አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና የማሳከክ ዋና ምክንያት ነው። ለውሻ የተሠራ ኮንዲሽነር ካላችሁ አሁን ቀብታችሁ በደንብ አለቅልቁ።

ማድረቅ

ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን ምጠጡ። አትፈትጉ። ቀጥሎ ፎን። ሙቀቱ ዝቅተኛው ላይ፣ ከቆዳው 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ አንድ ቦታ ሳይቆም። በአንድ እጅ ፎኑ፣ በሌላው ብሩሹ። እያበጠራችሁ ስታደርቁት ፀጉሩ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ የሚከረከመውም እንዲህ ያለ ፀጉር ነው። ፊቱ ላይ አታነጣጥሩ።

አፈ አጭር ውሾች ሙቀት አይችሉም። ማለከለክ ከጀመረ፣ ምላሱ ከጠቆረ ወይም ከቀላ ወዲያው አጥፉና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ውሰዱት። ፀሐይ ላይ አስሮ ማድረቅ ለዚህ ውሻ አይሆንም። ውሃ የያዘ ብብትና የጆሮ ሥር ሳይደርቅ እንዳይቀር በእጃችሁ ዳሱ።

መከርከም

አሁን ንጹሕ፣ ደረቅና የተበጠረ ፀጉር አላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትጀምሩ።

ውሻውን ላስቲክ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ እሱ ላይ ይሁን። ከጠረጴዛ ዘሎ እግሩ ሊሰበር ይችላል። ስልክ ቢጮኽ አታንሡ። የሚያውቀው ሰው ፊቱ ቆሞ ቢያጫውተው ጥሩ ነው። ማጅራቱን ይዛችሁ ግን አትሳቡት። የሺህ ትዙ ዓይን ወጣ ያለ ነው። የማጅራቱ ቆዳ በኃይል ሲሳብ ዓይኑ ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ለጀማሪ ሰውነቱን በሙሉ አንድ ርዝመት ማድረግ ይሻላል። እንደ ቡችላ ያስመስለዋል፤ ለአያያዝም ይቀላል። ፀጉር ቤት በቁጥር 4 የምንለው 13 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን 19 ወይም 25 ሚሊሜትር የሚያስቀረውን፣ ቶንዶሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን ሚዶ ምረጡ። የበዛው በኋላ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የውሻ ቶንዶስ ምላጭ አቆጣጠር እኛ ከለመድነው ተቃራኒ ነው። የምላጩ ቁጥር በጨመረ መጠን ፀጉሩ ያጥራል። 10 ቁጥር ምላጭ የሚያስቀረው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልቅ ቁጥር ረጅም ይመስላችሁና ውሻው ተላጭቶ ይቀራል። ማሸጊያው ላይ ሚሊሜትሩን አንብቡ።

ከማጅራቱ ሥር ጀምራችሁ በፀጉሩ አቅጣጫ እስከ ጭራው ሂዱ። ቶንዶሱ ቆዳው ላይ ተኝቶ ይንሸራተት እንጂ አይጫን። ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ደረት። ቆዳው የሚታጠፍበት ቦታ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በሌላው እጃችሁ ወጠር አድርጉት። በየጥቂት ደቂቃው ምላጩን እጃችሁ አንጓ ላይ አስነኩ። እናንተን ካቃጠላችሁ እሱን አቃጥሎታል። አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ማሩ አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ተከርክሞ ሆዱ ላይ በምላጭ ሙቀት ተቃጥሎ መጥቷል። ለአራት ቀን ሲልስ ከረመ።

እግሮቹን በመቀስ ክብ አድርጉ። ፀጉሩን በሚዶ ወደ ውጭ አበጥሩና የወጣውን ቁረጡ፤ እንደገና አበጥሩ፣ እንደገና ቁረጡ። በአንዴ ብዙ መቁረጥ መሰላል ያስመስለዋል። የጆሮውን ፀጉር ከመቁረጣችሁ በፊት የጆሮው ሥጋ የት እንደሚያልቅ በጣታችሁ ዳሱ። ጣታችሁን ጠርዙ ላይ ይዛችሁ ከጣታችሁ በታች ብቻ ቁረጡ። ከጭራው ሥርና ከሽንት መውጫው ዙሪያ ያለው አጠር ይበል። ለንጽሕና ነው።

ፊት

ፊቱን እኔ ለብቻው በሌላ ቀን ነው የምሠራው። ሰውነቱ ሲከረከም የደከመ ውሻ ለፊቱ ትዕግሥት አይኖረውም።

ዓይኑ ጥግ የደረቀ ነገር ካለ በለብታ ውሃ በራሰ ጨርቅ አለስልሱት፤ አትላጡት። ከዓይኑ ሥር ያለው ቡናማ ቀለም ከዕንባው ውስጥ ካለ ቀለም የሚመጣ ነው። በየቀኑ መጥረግ ይቀንሰዋል። በድንገት ከበዛ ወይም ዓይኑን ከጨፈነ ሐኪም ይየው።

ድቡልቡል ጫፍ ያለውን መቀስ ያዙ። አገጩ ሥር ያለውን ጢም በግራ እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡ፤ ጭንቅላቱ ይረጋል። የመቀሱ ጫፍ በምንም ጊዜ ወደ ዓይን አይመልከት። ከዓይኑ ጋር ትይዩ ይሁን። አፍንጫው ላይ ያለው ፀጉር ወደ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ፊቱ እንደ አበባ የሚከፈተውም ለዚህ ነው። በጣም ካጠራችሁት ሲያድግ ዓይኑን ይወጋዋል። ስለዚህ ወይ በየሦስት ሳምንቱ ከርክሙት፣ ወይ አስረዝማችሁ አናቱ ላይ እሰሩት። ስታስሩ ቅንድቡ ወደ ላይ እንዳይሳብ ላላ ይበል። ላስቲኩን ለመፍታት አትጎትቱ። በመቀስ ቁረጡት።

መዳፍና ጥፍር

መዳፉን ገልብጡ። በለስላሳዎቹ የመዳፉ ሥጋዎች መሀል የበቀለውን ፀጉር ከመዳፉ እኩል ቁረጡ እንጂ መቀሱን ወደ ውስጥ አትስደዱ። ይህ ፀጉር ካደገ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ይቋጥራል።

ጥፍሩ ነጭ ከሆነ ውስጡ ሮዝ መስመር ይታያል። ደም ያለበት እሱ ነው። ከእሱ ሁለት ሚሊሜትር ቀደም ብላችሁ ቁሙ። ጥቁር ጥፍር ከሆነ በጣም በትንሹ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት እዩ። መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ሲታይ በቃ። ከእግሩ ከፍ ብላ ያለችውን የአውራ ጣት ጥፍር አትርሱ። መሬት ስለማትነካ አትሟሽሽም፤ ተጠምዝዛ ሥጋ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ከደማ ስታርች ጠቅጠቅ አድርጉበትና ለጥቂት ደቂቃ ጫን ብላችሁ ያዙ።

ጆሮው ውስጥ የጥጥ እንጨት አታስገቡ። የሚታየውን ብቻ በጨርቅ ጥረጉ። መጥፎ ሽታ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካለ ራሳችሁ ለማከም አትሞክሩ።

በመሀል ውሻው ከተንቀጠቀጠ፣ ካጉረመረመ ወይም ከጠረጴዛው ለመውረድ ከታገለ አቁሙ። አንድ ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ ጀርባውን ሁለት ጊዜ አበጥራችሁ ዶሮውን ስጡትና አውርዱት። ቀሪው ለነገ ይደር። ማሩ መጀመሪያ ሰሞን ለአንድ ክርከማ ሦስት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አንድ እግር ሰኞ፣ ሌላው ማክሰኞ። አሁን በአንድ ሰዓት ተኩል እንጨርሳለን።

ሲያልቅ ሙሉ ሰውነቱን በባዶ እጅ ዳሱ። የቀላ፣ ያበጠ ወይም የተቧጨረ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ነው የሚገኘው። ከረጅም ፀጉር ወደ አጭር የተሸጋገረ ውሻ ብርድ ይሰማዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሆነ የዚያን ሌሊት ሹራብ አልብሱት። ጠዋት ስታወልቁለት ብብቱን እዩ።